አንድ ማዳመጫ ለሦስት ልጅ



ዛሬ የተጠራሁት ልጆች ቤታቸው ሆነው በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ ስለሚማሩት ትምህርት እንድናገር ነው። ነገሩ ሰፊ ነው። እኔ ግን ከአንዲት ስልክ እጀምራለሁ።

ጊዜው ግንቦት 2012 ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎታል። ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብላ ባለች ጎጥ የተማሪዎቼን ቤት ልጠይቅ በእግሬ ሄድኩ። አንድ ቤት ስደርስ ሦስት ልጆች ደጃፉ ላይ ካለው ዳስ ሥር ተቀምጠዋል፤ የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ የአራተኛ ክፍል እኅቱና በዚያው ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ታናሻቸው። በመካከላቸው ባለ ቁልፍ ስልክ አለ። ስልኩ ሬዲዮ አለው፤ ሬዲዮው ግን ማዳመጫ ካልተሰካበት አይሠራም፤ አንቴናው የማዳመጫው ሽቦ ነውና። ስፒከሩ ከተበላሸ ቆይቷል። ከማዳመጫው ሁለት ጆሮ ደግሞ የሚሰማው አንዱ ብቻ ነው።

በዚያ ሰዓት የሚተላለፈው የአራተኛ ክፍል ትምህርት ስለነበር ማዳመጫው የልጅቷ ጆሮ ላይ ነበር። የሰማችውን ለወንድሞቿ ጮክ ብላ ትደግማለች። «በመጽሐፋችሁ ላይ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ ይላል» አለች። መጽሐፉ የለም። ክፍል ውስጥ ለሦስት የሚካፈሉት መጽሐፍ ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ ሌላ ጎጥ ያለች ጓደኛዋ እጅ ቀረ። ታናሽየው ሽቦውን ይነካካል፤ በነካው ቁጥር ድምፁ ይጠፋል። እናታቸው ከጓዳ ሆና «ባትሪውን አትጨርሱት፤ ማታ አባታችሁ ከእርሻ ይደውላል» ትላለች።

ልጅቷ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ሬዲዮው ሲጠይቀን የምንመልሰው ለማን ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እናትየዋ «መምህር፣ ቡና ሳይጠጡማ አይሄዱም» ብላ አስቀመጠችኝ፤ ቡናውን ጠጥቼ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቅጽ መጣልን። «በሬዲዮ ትምህርታቸውን እየተከታተሉ ያሉ ተማሪዎች ብዛት፤ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር» ይላል። እኔም ሞላሁት። በየቤቱ ስልክ መኖሩን አይቻለሁ፣ ስልኩ ሬዲዮ እንዳለው አውቃለሁ፤ ስለዚህ የዚያን ቤት ሦስት ልጆች ሦስቱንም «ይከታተላሉ» ብዬ ቆጠርኳቸው። አንዲት ልጅ በአንድ ጆሮዋ የሰማችው በእኔ ቅጽ ላይ ሦስት ተማሪ ሆነ። ቅጹ ወደ በላይ አካል ሄደ፣ ከሌላው ጋር ተደመረ፣ ድምሩም በሪፖርት ተነበበ። ማንንም ለመክሰስ አላነሣሁትም፤ የጻፈችው የገዛ እጄ ናት። ዛሬ ግን እዚህ የቆምኩት ስለዚያ ቅጽ ስል ነው፤ ቆላ ውስጥ ስለ ቤት ውስጥ ትምህርት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቅጹ እንጂ ስለ ልጅቷ አይደለም።

የሆነውን በአጭሩ ላስታውሳችሁ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተባለ። 15 ቀኑ ሰባት ወር ሆነ። በመላ አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጥ ተማሪ ቤቱ ዋለ። ትምህርት ሚኒስቴር ለአንደኛ ደረጃ በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን ትምህርት እንዲተላለፍ አደረገ። አዲስ አበባ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ኖትና የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልኩ ጀመር። በሽታው ገና ያልታወቀ ነበርና መዝጋቱ ስሕተት ነበር አልልም። በዚያ ችኮላ ውስጥ ትምህርቱን አዘጋጅተው አየር ላይ ያዋሉትን ባለሙያዎችም ከልቤ አመሰግናለሁ። የእኔ ጥያቄ የተላከው ነገር የት ደረሰ የሚል ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ከገጠር ቤቶች ኤሌክትሪክ ያላቸው ከመቶ 8 ብቻ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። በአገር ደረጃ ሬዲዮ ያለው ቤት ከሦስቱ አንዱ እንኳ አይሞላም ነበር። ይህ ከኮሮና አራት ዓመት ቀድሞ የታወቀ ነገር ነው። ዩኒሴፍ በነሐሴ 2012 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ቢያንስ 463 ሚሊዮን ተማሪዎች ምንም ዓይነት የርቀት ትምህርት ሊደርሳቸው እንዳልቻለ ገለጸ፤ ከአራቱ ሦስቱ የገጠር ወይም የድሃ ቤት ልጆች ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል ያገሬ ሰው። ትምህርቱ በሰማይ ነበር። ምልክቱ ከሳተላይት ወርዷል፣ ሞገዱም በጎጆው ላይ አልፏል። ወተቱን ያየ ግን ጥቂት ነው።

እስኪ አሁን «ቤት» የሚለውን ቃል እንመልከተው። «ልጆች ቤታቸው ሆነው ይማሩ» ሲባል ይህን የሚለው ሰው የሚያስበው ቤት አለ፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ አምፖል፣ የቤት ሥራ የምታይ እናት ወይም አባት ያሉበት። የእኛ ቤት የትኛው ነው? መጋቢትና ሚያዝያ ቆላ ላይ ምን እንደሚመስሉ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የቆርቆሮ ቤት ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ምጣድ ነው፤ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ያለው መብራት ኩራዝ ነው፣ ወይም ቀን ፀሐይ ላይ የተሰጣች ትንሽ ሶላር። በዚያች መብራት ወጥ ይሠራል፣ ከብት ይታሰራል፣ እንግዳ ይስተናገዳል። ደብተሩ መጨረሻ ነው ተራ የሚደርሰው።

ከሙቀቱ ይልቅ የከበደው ግን ሥራው ነው። ሰሊጥ ትዕግሥት የሌለው ሰብል መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በግንቦት መሬቱ ይመነጠራል፣ ዝናቡ ሲገባ ይዘራል፣ ሐምሌና ነሐሴ አረሙ ነው። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ይታጨዳል፣ ነዶው ይከመራል፣ ይራገፋል። አጨዳው ከዘገየ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ተሰንጥቆ ዓመት የተለፋበት መሬት ላይ ይረግፋል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ከደጋው፣ ከጎጃምም ከጎንደርም፣ ሳሉግ የምንለው የወቅት ሠራተኛ ወደዚህ የሚጎርፈው። በ2012 ክረምት የጉዞ ገደብና የበሽታ ፍርሃት ነበር፤ እኔ በማውቃቸው ጎጦች ሳሉጉ ሲያንስ የጎደለውን እጅ የሞላው ትምህርት የሌለው ልጅ ነው። ማን ይፈርዳል? አባት ሰሊጡ በአረም ተውጦ እያየ ልጁን «አንተ ሬዲዮ ስማ» ሊለው አይችልም። ልጁም «ሬዲዮ ልስማ» አይለውም። የሰባተኛ ክፍሉ ተማሪዬ፣ የዚያች ልጅ ታላቅ ወንድም፣ በሐምሌ ስፈልገው ከቤቱ ግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የአንድ ኢንቨስተር ካምፕ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረጋ ብለን እንየው። ትምህርት ቤቶች በደረጃ እንዲከፈቱ ሲወሰን መጀመሪያ የተከፈቱት የገጠርና የወረዳ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ጥቅምት 9 ቀን 2013። ያሰቡት ለእኛ ብለው ነው፤ ሕዝቡ ያልተጨናነቀበት ቦታ ይቅደም ብለው። ጥቅምት 9 ግን በቆላው ሰሊጥ የሚታጨድበት ሳምንት ነው። በሩ ተከፈተ፤ ልጁ እርሻ ላይ ነው። ያለፈውን ዓመት ትምህርት በ45 ቀን ለማካካስ ታቅዶ ነበር፤ 45ቱ ቀን ያለቀው ልጁ ነዶ ሲሸከም ነው። ከዚያ የቀጣዩን ክፍል መጽሐፍ ያዘ፤ ከስምንተኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀር ሁሉም ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወር ተወስኗልና። ያልተማረውን ትምህርት አልፎ፣ ባልተማረው ላይ የተሠራውን ትምህርት ጀመረ። ጥቅምት 25 ደግሞ በሰሜን ጦርነት ተጀመረ፤ የምዕራብ አርማጭሆ ወገኖቼ ያ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

ስለ ሴቶቹ ልጆች ትንሽ ልበል። ትምህርት ቤት ለሴት ልጅ ፊደል የሚቆጠርበት ብቻ አልነበረም፤ ከቤት ሥራ የምታርፍበት ግማሽ ቀን ነበር። ግማሽ ቀኑ ሲነሣ ውኃው፣ እንጨቱ፣ ሕፃኑ፣ ቡናው ሁሉ ወደ እሷ መጣ። ሽማግሌም መጣ። በሴራሊዮን በ2014 እ.ኤ.አ. ኢቦላ ሲገባ ትምህርት ቤቶች ዘጠኝ ወር ያህል ተዘግተው ትምህርት በሬዲዮ ይሰጥ ነበር፤ ሲከፈቱ ነፍሰ ጡር ሆነው የቀሩ ብዙ ልጃገረዶች ነበሩ። ያንን ታሪክ ዓለም ያውቀው ነበር። መተማ ዮሐንስ ደግሞ የድንበር ከተማ ናት፤ ወደ ሱዳንና ከዚያም ወዲያ የሚያሻግር የስደት በር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደላላው አይዘጋም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ባዶ እጁን መንገድ ዳር ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያናግረው ሰው እሱ ነው።

በመተማና በቋራ ቆላ ስለሚኖሩት የጉሙዝ ልጆችም ላንሣ። ልጁ ቤቱ የሚሰማው ጉሙዝኛ ነው፤ በአማርኛ የሚነገረውን ትምህርት ክፍል ውስጥ የሚከተለው የመምህሩን እጅ እያየ፣ ጓደኛውን እየጠየቀ ነው። ሬዲዮ እጅ የለውም። ያልገባውን ቃል መልሶ ቢጠይቀው ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ይቀጥላል።

አሁን ወደ አንድ ጥናት ልውሰዳችሁ፤ ካነበብኩት ሁሉ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። በመስከረም 1998 በሰሜን ፓኪስታን ከባድ የምድር መንቀጥቀጥ ደረሰ። በአካባቢው ትምህርት ቤቶች በአማካይ 14 ሳምንት ያህል ተዘጉ። ከዚያ እርዳታ ገባ፣ ቤቱ ተሠራ፣ ትምህርት ቤቱም ተከፈተ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ሄደው ልጆቹን ሲፈትኗቸው፣ ለአደጋው ቅርብ የነበሩት ከሌሎቹ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀርተው አገኟቸው። የተዘጋው 14 ሳምንት ነው፤ የጠፋው ዓመት ተኩል። ለምን? ልጁ ሲመለስ መምህሩ የቆመው ልጁ ጥሎት በሄደው ቦታ አልነበረም፤ መጽሐፉ ባለበት ቦታ ነበር። በየዓመቱ ክፍተቱ ሰፋ።

ከዚያው ጥናት ሌላ ነገር ወጣ። እናታቸው ቢያንስ አንደኛ ደረጃን የጨረሰች ልጆች ወደ ኋላ አልቀሩም። ምድሪቱ ለሁሉም እኩል ተንቀጠቀጠች፤ ጉዳቱ ግን እንደ እናት ደብተር ሆነ።

ይህን ሳነብ ያቺን ከጓዳ ሆና «ባትሪውን አትጨርሱት» ያለች እናት አሰብኩ። ማንም እናት ላይ ጣቱን እንዳይቀስር። ያቺ እናት አልተማረችም፤ ያላስተማርናት ግን እኛ ነን፤ ትምህርት ቤቱ በልጅነቷ ደጇ አልደረሰም። ደግሞም ሌላ ጊዜ ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሱዳን ከተሻገረ ነጋዴ ጋር ስትከራከር ደረስኩ። እሱ በሱዳን ፓውንድ ይናገራል፣ እሷ በብር ትመልሳለች፤ የኩንታሉን ዋጋ በኪሎ ከፍላ፣ የጆንያውን ክብደት ቀንሳ፣ የቀረውን አባዝታ፣ ሁሉንም በቃሏ። ሲሄድ «ይህ እኮ የአራተኛ ክፍል ሂሳብ ነው፤ ለልጅዎ ለምን አያሳይዋትም?» አልኳት። «እኔ ምን አውቄ፣ መምህር?» አለችኝ። ማካፈልን ታውቃለች፤ ማካፈል መባሉን ግን የነገራት የለም። ትምህርት በሬዲዮ ሲላክ ከዚያች እናት ጋር የተነጋገረ አንድም ሰው ቢኖር ኖሮ ቤቱ ውስጥ አንዲት የሂሳብ መምህርት ትገኝ ነበር።

በእኛው አገርም የተጠና አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ፕሮፌሰር ጣሰው ወልደሃና ያሉበት ቡድን፣ ከኮሮና በፊት ይከታተሏቸው የነበሩ ተማሪዎችን ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ በሂሳብ ፈትነው በከተማና በገጠር ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት መስፋቱን አሳይተዋል። በ2014 የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀምሮ መኮራረጁ ቀርቷል፣ የቆየው የጥራት ጉድለትም ተጋልጧል። ሁሉን በመዘጋቱ ላይ መጫን አይገባም። ግን አስሉት፤ የ2015ቶቹ በ2012 ዘጠነኛ ክፍል ነበሩ፤ ሁለተኛ ደረጃን በጀመሩበት ዓመት ቤታቸው ተቀምጠዋል።

ስለ አንደኛ ክፍሉ ታናሽ አልነገርኳችሁም። የኔን ነገር ያዞረው እሱ ነው።

ያንን ቅጽ ከላክሁ በኋላ እረፍት አጣሁ። በሰኔ መጀመሪያ ወደዚያች ጎጥ ተመለስኩ፤ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ሆነን በየቅዳሜው ማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ ከዋርካው ሥር ልጆቹን እንሰበስብ ጀመር። ትንሹን «ፊደል ታውቃለህ?» አልኩት። «አዎ» ብሎ ቆመ። ከሀ ጀምሮ እስከ ፐ በዜማ አወረደልኝ፤ አንድ አልሳተም። እናቱ በኩራት ትመለከተዋለች። ከዚያ ጣቴን ሰ ላይ አድርጌ «ይቺስ?» አልኩት። ዝም አለ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከሀ ጀምሮ ለራሱ በሹክሹክታ እየቆጠረ ወረደ፣ «ሰ!» አለ። ጣቴን ነ ላይ አደረግሁ። እንደገና ከሀ ጀመረ።

ልጁ ፊደል አያውቅም ነበር፤ የሚያውቀው ዜማውን ነው። ይህንን የሚያገኘው ማን ነው? ሬዲዮ አያገኘውም፤ ሬዲዮ ጣት የለውም። ቴሌቪዥኑ ፊደሉን በቀለም ሊያሳየው ይችላል፤ የልጁን ከንፈር ሲንቀሳቀስ ግን አያይም። ቅጹም አያገኘውም። የሚያገኘው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ያውም በሁለት ደቂቃ። ባይገኝ ኖሮ ልጁ ሁለተኛ ክፍል፣ ከዚያ ሦስተኛ ክፍል ይገባ ነበር፤ የሦስተኛ ክፍል መምህሩም ሰባ ልጅ ፊት ቆሞ «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» ይል ነበር። ስንቱን ልጅ እንዲህ አልነው! ስንቱ ዛሬም ከሀ ጀምሮ እየቆጠረ ነው!

ልጅቷ ለማን ነው የምንመልሰው ብላ ስትጠይቀኝ ስለዚህ ነበር የጠየቀችኝ። ትምህርት የሚነገር ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ አየሩ ይበቃን ነበር። ትምህርት የሚመለስለት ሰው ይፈልጋል፤ ሲሳሳት «እዚህ ጋ ነው የሳትከው» የሚል። ያለው ቤት ይህ ሰው ቤት ውስጥ አለ፤ እናት ነች፣ አባት ነው፣ አስጠኚ ነው። የሌለው ቤት ግን ይህን ሰው የሚያገኘው ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የከተማው ልጅ ሕንፃውን ያጣል፤ የቆላው ልጅ ሰውየውን ያጣል። እኛ በሬዲዮ የመለስንለት ሰውየውን አልነበረም።

በቦትስዋና በዚያው የኮሮና ዓመት የተሞከረ ነገር አለ። 4,500 ያህል ቤተሰቦችን ይዘው ለአንዳንዱ በየሳምንቱ አጭር የሂሳብ መልእክት ብቻ ላኩ፤ ለሌላው ከመልእክቱ በተጨማሪ መምህር በሳምንት አንዴ ለ20 ደቂቃ ያህል እየደወለ ልጁን ከወላጁ ጋር አነጋገረ። መልእክት ብቻ የተላከላቸው ብዙም አልተለወጡም። የተደወለላቸው ሂሳባቸው ተሻሻለ። ስልኩ ያው ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ልዩነቱ ከወዲያ በኩል ሰው መኖሩ ነው።

እዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሽማግሌዎች ለዚህ ቦትስዋና መሄድ አያስፈልጋችሁም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ምን መሣሪያ ነበረ? ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና የተላከ ወጣት። ዳስ ተጣለ፣ ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ተማረ። ያ ዘመን ብዙ የሚያሳዝን ነገር ነበረበት፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን እንነጋገር። ሰዉ ያለበት ድረስ ሰው መላክ እንደሚቻል ግን አይተናል። በ1997 ደግሞ ሌላውን አየን፤ ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ወደየሁለተኛ ደረጃው ሲገባ መምህሩ ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆኖ ነበር። ልጁ እጁን አወጣ፤ ፕላዝማው ቀጠለ። ቴክኖሎጂ የሚጠላ ሰው አይደለሁም። ታብሌት ይምጣ፣ ኔትወርክ ይዘርጋ፣ ደስ ይለኛል። ግን መምህሩን ተከትሎ ይምጣ እንጂ በመምህሩ ቦታ አይምጣ።

«ኮሮና አልፏል፤ ይህን ሁሉ አሁን ለምን ታነሣለህ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ትምህርት ቤቶቻችን ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተዘጉ? ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን በአማራ በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ቴሌግራም የሚባለውን ነገር እርሱት። የክልሉ ትምህርት ቢሮ በ2017 ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ተናግሮ ነበር። ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነት ሲጀመር በመተማ በኩል የተሻገሩትን ልጆች ሁላችንም በዓይናችን አይተናል፤ በሱዳን ጦርነቱ በተጀመረ በወራት ውስጥ ከትምህርት የራቁት ልጆች 19 ሚሊዮን ተብለው ነበር። ከተሻገሩት አንዳንዶቹ ኩመርና አውላላ መጠለያ ውስጥ ከእኛ ልጆች ጎን ቆመው ነበር፤ የአረብኛ ፊደላቸውን በጣታቸው መሬት ላይ እየጻፉ። በ2012 አንደኛ ክፍል የነበረው ያ ትንሽ ልጅ ሳይቋረጥበት ቢማር ኖሮ በ2017 ስድስተኛ ክፍልን ይጨርስ ነበር። በቆላው ስንት የእሱ እኩያ ያንን ጨርሷል? መዘጋቱ ለእኛ አንዴ የመጣ አደጋ አይደለም። እንደ ክረምት የሚመለስ ነገር ሆኗል፤ ለክረምት ደግሞ እህል ይቀመጥለታል።

ምን እናስቀምጥ? እኔ የማምንበትን ልናገር። እያንዳንዷ ጎጥ በስም የሚታወቅ መምህር ይኑራት፤ በሩ ሲዘጋ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ። መንገዱ ለመምህሩ የማያሰጋ ሲሆን በእግሩ ይሂድ፤ የሚያሰጋ ሲሆን ይደውል፤ ካርዱንም ከደመወዙ አይሙላ። የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነና መቼ እንደሚገባ ታውቃላችሁ፤ በነጻ አገልግል ማለት ቀላል ነው። ትምህርቱ በወረቀት ይታተም፤ ወረቀት ባትሪ አይጨርስም። ድምፅ ካስፈለገም ገበያ ላይ ዘፈን በሚሞሪ የሚጭኑት ልጆች አሉ፤ ትምህርቱንም በዚያው ሚሞሪ ይጫኑልን። ኔትወርክ አይፈልግም፣ ሰዓትም አይጠብቅም፣ ልጁ ከከብት ጥበቃ ሲመለስ ደግሞ ደጋግሞ ይሰማዋል። ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በዋርካ ሥር ለአምስት ታናናሾቹ ፊደል ማስያዝ ይችላል፤ የሰባተኛ ክፍሉ ተማሪዬ ከካምፑ ሲመለስ እንዲህ አድርጓል። የራሱ ትምህርትም በዚያ ዳነ።

የማካካሻው ጊዜ ደግሞ ከሰሊጡ ጋር ይስማማ። ከጥር እስከ ሚያዝያ እርሻው ባዶ ነው፤ ሰዉ ቤቱ ነው፤ መንገዱም ይሄዳል። ክረምት የጓንግና የሽንፋ ወንዞች ሞልተው፣ ዋልካው እግር ሲይዝ፣ ወይም ጥቅምት ላይ ነዶ በሚከመርበት ሳምንት «ልጃችሁን ላኩ» ማለት ወላጅን ከልጁ ጋር ማጣላት ነው። ይህ የቀን መቁጠሪያ ነገር ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን በቆላው ለሃያ ዓመት ያህል እንዳየሁት ከሆነ፣ ልጅ ከክፍል የሚቀረው ወላጁ ትምህርትን ስለናቀ ሳይሆን የእርሻና የትምህርት ቀን አንድ ላይ ስለሚወድቁበት ነው።

ቅጹንም እንቀይረው። «ስንት ተማሪ ይከታተላል?» አንበል። ከአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ አለ፤ በየጎጡ ተከፋፍሏል። ሦስት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፤ የልጁ ስም፣ ሲያነብ በጆሮው የሰማው ሰው ስም፣ የሰማበት ቀን። የአንዳንድ ጎጥ ገጽ እስካሁን ነጭ ነው። አሁን የካቲት ነው፤ ሰሊጡ ተጭኖ ሄዷል፣ ዋልካው ደርቋል፣ ባጃጅ ብዙ ጎጥ ድረስ ይገባል። ስትወጡ መንገዱን የምታውቁትን ጎጥ ፈልጋችሁ ስማችሁን ጻፉበት። እስክሪብቶው ከመዝገቡ ጋር ታስሯል።